ባንኩ ምን ያርሳል?

ለቤት መሥሪያ ከባንክ ብድር መውሰዴን ለአባቴ የነገርኳቸው በ2003 ዓ.ም. የገና ሰሞን ነው። ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ በኩል ቡሬ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከቡሬ ወዲያ ደግሞ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በእግሬ ተጉዤ ስደርስ አባቴ አውድማ ላይ ነበሩ። መንሻቸውን ተደግፈው አዳመጡኝ። ብድሩ 120 ሺህ ብር፣ ዘመኑ 15 ዓመት፣ መያዣው ራሱ የሚሠራው ቤት መሆኑን አስረዳኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣

‹‹ታዲያ ባንኩ ምን ያርሳል?›› አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ለከተማ ወዳጆቼ ስነግራቸው ይስቃሉ። የእኛን ቤት ታሪክ የሚያውቅ ግን አይስቅም። በእኛ አገር ወለድ አገድ የሚባል ብድር ነበር። ገንዘብ የቸገረው ባለርስት መሬቱን ለአበዳሪው ያስይዛል፤ አበዳሪው በወለድ ፋንታ መሬቱን እያረሰ ፍሬውን ይበላል። ባለርስቱ ዋናውን ገንዘብ ሳያጎድል ይዞ እስኪመጣ ድረስ መሬቱ አይመለስለትም። አምስት ዓመት ይታረስ ሠላሳ ዓመት፣ ከዋናው ላይ አንዲት ብር አትቀነስም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳይቀር በዚሁ ስም ቦታ ሰጥቶት ይገኛል።

አያቴ ለአባታቸው ተዝካር 40 ጠገራ ብር ተበድረው ከወንዝ ዳር ያለችውን ጥቁር አፈር ማሳ በወለድ አገድ ሰጡ። ተዝካሩ በአንድ ቀን ተበላ። ማሳዋ ግን አያቴ እስኪሞቱ ድረስ አልተመለሰችም። አባቴ ልጅ ሆነው፣ በአያት በቅድመ አያታቸው መሬት ላይ፣ ለአበዳሪው ማሽላ ወፍ እየጠበቁ ነው ያደጉት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ሲታወጅ፣ መሬትን መሸጥና መለወጥ፣ በመያዣም ሆነ በወለድ አገድ መስጠት ተከለከለ። ማሳዋ በድልድሉ ለአባቴ ደረሰች። እኔ የማውቀው ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

እንግዲህ አባቴ ምን እንደጠየቁኝ ገብቶኛል። መሬቴን ያልወሰደ አበዳሪ ወለዱን ከየት ያገኛል ማለታቸው ነው። ‹‹ደመወዜን ያርሳል አባባ›› አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ውቂያቸው ተመለሱ።

ፍኖተ ሰላም ጥንት ወጀት ትባል የነበረች ከተማ ናት። የዛሬ ስሟን ያገኘችው ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በጎጃም በኩል ማለፋቸውን ተከትሎ እንደሆነ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው እዚያ ነው፤ እኔ መምህር፣ እርሷ ነርስ። በመኖሪያ ቤት ማኅበር ተደራጅተን ቦታ ካገኘን በኋላ ያጠራቀምነው ገንዘብ መሠረቱን አውጥቶ፣ ግድግዳውን ወገብ አድርሶ አለቀ። የከተማ ቤት ብድር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ቤቶችና ቁጠባ ባንክ የተቋቋመው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፤ በ2008 ዓ.ም. ከንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። በቤት ብድር ላይ ያተኮረው ጎህ ቤቶች ባንክ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። እኛ የተበደርንበትን ባንክ ስም አላነሣም፤ ጉዳዬ ከራሴ ጋር ነውና።

ውሉን የፈረምን ዕለት የብድር ሠራተኛው አራት ገጽ ሠንጠረዥ ሰጠኝ። 180 ረድፎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ወር አንድ ረድፍ። በየረድፉ የወሩ ክፍያ፣ ከክፍያው ወለድ የሚሆነው፣ ከዋናው የሚቀነሰውና የሚቀረው ዕዳ ተጽፏል። የወሩ ክፍያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 1,253 ብር ነው፤ ወለዱ 9.5 በመቶ። ማታ በፋኖስ (መብራት ጠፍቶ ነበር) ሠንጠረዡን ዘርግቼ የመጀመሪያውን ረድፍ አነበብኩ፤ ወለድ 950 ብር፣ ከዋናው የሚቀነስ 303 ብር። ደግሜ አነበብኩት። ከ1,253 ብር ውስጥ ዕዳዬን የሚነካው ሩቡ ብቻ ነው፤ ሦስቱ እጅ የአራሹ ነው። ከታች ስደምረው፣ 120 ሺህ ብር ተበድሬ በ15 ዓመት የምመልሰው ከ225 ሺህ ብር በላይ ሆነ። አያቴ ትዝ አሉኝ።

ሆኖም ይህ ሠንጠረዥ ወለድ አገድ ያልነበረው አንድ በር አለው። ዋናውን ቆርሶ መክፈል ይቻላል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ዋናው 305 ብር፣ ወለዱ 947 ብር ነው። ዛሬ የመጀመሪያውን ወር ክፍያ ስከፍል 305 ብር ጨምሬ ብሰጥና ከዋናው ላይ ቢቀነስልኝ፣ ሁለተኛው ረድፍ ከነወለዱ ይሰረዛል፤ በሚቀጥለው ወር የምከፍለው ሦስተኛውን ረድፍ ይሆናል። በ305 ብር 947 ብር አዳንሁ ማለት ነው። ገጹን ገልብጬ ለባለቤቴ አሳየኋት። እርሷም አሰላችና፣ ‹‹በየወሩ ሁለት ሁለት ረድፍ ብንሄድ 180ው በ90 ወር ያልቃላ!›› አለችኝ። ሰባት ዓመት ተኩል መሆኑ ነው። ያን ማታ ወሰንን።

በማግሥቱ ባንክ ሄጄ ስጠይቅ አንድ ነገር ተማርኩ፤ ብድር ያለበት አንባቢ ቢይዘው ይጠቅመዋል። ትርፍ ገንዘብ ዝም ብሎ ቢያስገቡት ለሚቀጥለው ወር ክፍያ ተብሎ ሊቀመጥ ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ወለዱን አይነካውም። ‹‹ከዋናው ገንዘብ ላይ ይቀነስልኝ›› ብሎ በጽሑፍ ማመልከት፣ ከዚያም የቀሪ ዕዳውን መግለጫ ጠይቆ ማመሳከር ያስፈልጋል። ውሉ ቀድሞ ለከፈለ ሰው ቅጣት ያለው መሆን አለመሆኑንም አስቀድሞ ማንበብ ደግ ነው። የእኛ አልነበረውም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የሁለታችን ደመወዝ ተደምሮ 4 ሺህ ብር አይሞላም ነበር። ባለቤቴ ባለ መቶ ቅጠል ደብተር ገዝታ ከላይ ስድስት ዓምድ አሠመረችበት፤ ባንክ፣ እህል፣ ልጆች፣ ዕድርና ማኅበር፣ ዕቁብ፣ ልዩ ልዩ። ደመወዝ የተቀበልን ዕለት መጀመሪያ የሚሞላው የባንኩ ዓምድ ነው። ጤፍና በቆሎ የምንገዛው በጥር፣ ገበያው ሲጠግብ፣ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ሆነ። በርበሬ ቡሬ ድረስ ሄደን ከገበሬው እጅ እንገዛለን። ከጓሮ የሠራናቸውን ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ከገጠር ለትምህርት ለሚመጡ ልጆች አከራየን፤ ስንቃቸውን በአህያ ጭነው የሚያመጡላቸው አባቶች ሲመጡ የራሴን ተማሪነት እያስታወሱኝ። ክረምት ክረምት አስጠናለሁ። ሥጋ ለዓመት በዓል ብቻ ሆነ፤ ጾሙ ራሱ የበጀቱ ረዳት ነበር። ለልጆቻችን ግን ጾሙ ረዘመባቸው። አንድ ቀን ትንሿ ልጄ ጎረቤት በልታ መጥታ፣ ‹‹እነሱ ባንክ የላቸውም?›› ብላ ጠየቀችኝ።

በየወሩ መጨረሻ ሠንጠረዡን ከግድግዳው ላይ አወርድና ሁለት ረድፍ በቀይ ስክሪፕቶ እሰርዛለሁ። መናገር የሚገባኝን ልናገርና፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ሥራ ጥቂት ነው። ውሎ አድሮ ደስታው ራሱ ሌላ ዓይነት ስስት ሆነብኝ።

በአንድ ትምህርት ቤት አብሮኝ የሚያስተምር የኢኮኖሚክስ መምህር ነበር። ቡና እየጠጣን ስለ ረድፎቼ ነገርኩት። አዳመጠኝና፣ ‹‹አንተ ሰው፣ ሒሳብ አስተማሪ ነህ እያሉ ያሞኙናል እንዴ?›› አለኝ። ነገሩን እንዲህ አድርጎ አስረዳኝ። ጊዜው 2003 ዓ.ም. ነው፤ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፏል። በ9.5 በመቶ የተበደረ ሰው ዕዳው በየዓመቱ እየቀለለ ይሄዳል፤ የዛሬ 15 ዓመት 1,253 ብር ምንም አይገዛም። ‹‹ዕዳህን የዋጋ ንረት ይከፍልልሃል። አንተ ያንን ትርፍ ብር ሲሚንቶ ግዛበት፣ በሬ ግዛበት፣ እህል አስቀምጥበት፤ ለባንክ ብቻ አትስጥ›› አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ስሌቱ ትክክል ነው። እንዲያውም ዛሬ ወደ ኋላ ሳየው የበለጠ ትክክል ሆኖ አገኘዋለሁ፤ በ2016 ዓ.ም. 1,253 ብር የኩንታል ጤፍ ሩብ እንኳ አይገዛም ነበር። በሬ ግዛ ያለኝም በከንቱ አልነበረም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ቃል ሌላ መልክ ይዞ መጣብኝ።

ግንቦት 2005 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሜ ከቡሬ ገጠር መጣ። አንዱ በሬው በእርሻ መካከል ሞቶበታል። ዝናቡ ገብቷል፤ የበቆሎው መዝሪያ ቀን እያለፈ ነው። ሌላውን በሬ ከጎረቤት ጋር አቀናጅቶ የተወሰነ አርሷል፤ የሚቀረው ግን ብዙ ነው። ‹‹2 ሺህ ብር ብታበድረኝ የራሴን ጨምሬ በሬ እገዛለሁ፤ ኅዳር ላይ በርበሬውን ሸጬ እመልስልሃለሁ›› አለኝ።

በዚያው ሳምንት ዕቁብ ወጥቶልን ነበር፤ 2,500 ብር። ቁም ሣጥን ውስጥ በፖስታ ነው። ሰኞ ባንክ አግብቼው በአንድ ቀን አምስት ረድፍ ልሰርዝበት አስቤያለሁ። ወንድሜ እየጠበቀኝ ነው። እኔ በዓይነ ሕሊናዬ አምስቱን ረድፎች አያለሁ።

‹‹ወንድሜ፣ ትናንት ለባንክ ከፈልነው›› አልኩት።

አላመነኝም ይሆናል፤ ግን ምንም አላለም። ምሳውን በልቶ፣ ልጆቹን ስሞ፣ በከሰዓቱ አውቶቡስ ሄደ። ሰኞ ባንክ ገብቼ ገንዘቡን ከፈልኩ። ማታ ቀዩን ስክሪፕቶ ይዤ አምስቱን ረድፍ ሰረዝኩ። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ እያየችኝ፣ ‹‹ሰውዬው ምን ብሎህ ነበር የሄደው?›› አለችኝ። ስነግራት ደብተሩን ከደነችውና ወደ ማድ ቤት ገባች።

ወንድሜ 2 ሺሁን ብር ከሰፈሩ ሀብታም አገኘ። ውሉ በገንዘብ ሳይሆን በበርበሬ ነው፤ ዋጋው በሰኔ ተቆርጦ በኅዳር ምርቱ ሲደርስ የሚሰፈር። በሰኔ የተቆረጠ ዋጋ ለማን እንደሚያደላ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ የቸገረው ገበሬም እያወቀ ይገባበታል። ኅዳር ላይ የበርበሬው ግማሽ አውድማው ላይ እንዳለ ተሰፍሮ ሄደ።

አባቴ በዚያው ወር መጨረሻ እኛ ቤት መጡ። ለሕክምና ነው የመጡት፤ ዓይናቸውን ያማቸው ነበር። እራት በልተን፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ሠንጠረዥ ዞረው ቀይ መስመሮቹን አዩ። ማንበብ አይችሉም፤ ቀዩ ግን ለማንም ይታያል።

‹‹ይኼ ነው የባንኩ?›› አሉ።

‹‹አዎን አባባ፤ ቀይ የሆነው ያለቀው ነው።››

‹‹በርትተሃል›› አሉኝና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ‹‹ብቻ ባንክህ ዘንድሮ እኛ ድረስ መጥቶ አረሰ።››

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሳይቆጡ ነው የተናገሩት። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ወፍ ሲጠብቅ ያደገው ልጅ አባቴ ነው፤ በወንድሙ አውድማ ላይ ሌላ ሰው እንዲሰፍር ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ያን ያህል ዓመት የሸሸሁትን ነገር ለወንድሜ አውርሼው ተገኘሁ።

ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ዓመት አንድ አንድ ረድፍ ብቻ ሄድን። ተጨማሪው ረድፍ በዚያን ጊዜ በወር ከ530 ብር በላይ ደርሶ ነበር፤ የሚቀጥለው ረድፍ ዋና ገንዘብ እየጨመረ፣ የምናድነው ወለድም እየቀነሰ ይሄዳልና። ያ ገንዘብ በየወሩ ቡሬ ሄደ። በዓመቱ ከ6 ሺህ ብር አለፈ፤ ወንድሜም በሬውን ገዛ። ብድር ነው ብሎ ሊመልስልኝ ደጋግሞ ሞከረ። የተቀበልኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም ሁለት ቁና በርበሬ።

ከኅዳር 2007 ዓ.ም. በኋላ ወደ ሁለት ረድፋችን ተመለስን። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ እንዲዳከም ተደረገ፤ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛ መጠንም ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አለ። የባንኮች የማበደሪያ ወለድም መውጣቱ አልቀረም፤ የእኛም ጨመረ። ለዚያ ኢኮኖሚክስ መምህር ወዳጄ ይህን አስታወስኩት። የዋጋ ንረት ዕዳ የሚከፍልልህ ወለዱ ባለበት ከቆመ ነው። በዚያ ወር የቀረብን ዕዳ 33 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ እንደ ውሉ ብቻ ስንከፍል ቆይተን ቢሆን 86 ሺህ ብር ገደማ ይሆን ነበር። ወዳጄ ሳቀና፣ ‹‹አንድ ለአንድ ወጣን በለኝ›› አለ።

የመጨረሻውን ረድፍ ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ሰረዝኩ። 96 ወር ፈጀ፤ ስምንት ዓመት። ከወለዱ ወደ 50 ሺህ ብር የሚጠጋ ቀረልን። ባንኩ የዕግድ ማንሻ ደብዳቤ ጻፈልን፤ ማዘጋጃ ቤት ወስደን ዕግዱ ተነሣ፤ ካርታው እጃችን ገባ። እንደ ውሉ ቢሆን የመጨረሻው ረድፍ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ አካባቢያችን ጦርነት ገብቶበት መንገድ ሲዘጋ፣ ባንክም በሩን ሲዘጋ፣ በኪሴ የክፍያ ቀን ይዤ አልዞርኩም። ይህን በስሌት ላስቀምጠው አልችልም።

ካርታውን በፖስታ አድርጌ በዚያው የገና ሰሞን ቡሬ ሄድኩ። አባቴ ዓይናቸው እየደከመ ነበርና ወረቀቱን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ማኅተሙ የት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው። እኔ ደግሞ ስሜቴ ሞልቶ ስለነበር፣ ‹‹የአያቴን ማሳ አዋጅ ባይመልስልን እንዲህ አድርገን እንመልሳት ነበር›› አልኩ።

አባቴ ካርታውን መለሱልኝ።

‹‹ማሳዋን አዋጅ መለሰ። የሰውየውን ብር ግን የመለስኩት እኔ ነኝ›› አሉኝ።

ሰምቼው አላውቅም ነበር። ድልድሉ ካለቀ በኋላ አበዳሪው ሞቶ ሚስቱ ከልጆቿ ጋር ቀርታ ነበር። አባቴ ጊደር ሸጠው፣ በሁለት መኸር፣ የአርባውን ጠገራ ዋጋ በወረቀት ብር ተምነው ለሴትየዋ ከፈሉ። የጠየቃቸው የለም፤ ሕጉም አያስገድዳቸውም። ጎረቤት ሰምቶ ሞኝ አላቸው።

‹‹ለምን አባባ? ያን ሁሉ ዓመት አርሰው በልተውት የለም ወይ?›› አልኩ።

‹‹በልተውታል። ተዝካሩን ደግሞ የበላነው እኛ ነን›› አሉኝ። ከዚያም ወንድሜን ጠርተው በሬዎቹን ውኃ እንዲያጠጣ አዘዙት።

ፍኖተ ሰላም ስመለስ ባለቤቴ አዲስ ደብተር አስምራ ጠበቀችኝ። ዓምዶቹ እንደ ድሮው ስድስት ናቸው። ከፊተኛው ላይ ግን ‹‹ባንክ›› የሚለውን ትታ ‹‹ቡሬ›› ብላ ጽፋበታለች። የጥር ወር ተራ ላይ የተሞላው 1,000 ብር ነው።